ለእቴጌይቱ ማን ቀመሰላቸው?

ያስገቡኝ ቃሊቲ ውስጥ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ማቆያ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነበር፤ የሚሰማው ግን ብዙ ነው፤ የተሳቢ መኪና ፍሬን፣ የረዳቶች ጩኸት፣ ፈረቃ የጨረሱ ሠራተኞች ወሬ። ፍራሾቹ ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ተነጥፈዋል። ሴቶቹ ከጫማዬ ጀምረው ወደ ላይ አዩኝ። የለበስኩት ለመምህራን ስብሰባ ብዬ የተኮስኩትን ቀሚስ ነበር፤ የተያዝኩትም እዚያው ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነው። ዛሬ ሳስበው ለእስራት የሚበቃ ንግግር እንኳ አልነበረም።

የክፍሉ አለቃ፣ ሁሉም ካቦ የሚሏት፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ ቤት የነበራት ደልዳላ ሴት ናት።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የታሪክ አስተማሪ ነኝ።»

«ጎሽ! ቴሌቪዥን የለንም» አለችና ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

እንዲህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ታሪክ ማውራት ሥራዬ ሆነ። የመረጥኩት የዚህችን ከተማ ስም ያወጡትን እቴጌ ነው። ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ስለሆነ ማንንም አያስከስሱም ብዬ ነበር። የእንጦጦ ብርድ ሲበረታባቸው ወደ ፍል ውሃው መውረዳቸውን፣ ቦታውን ወደውት ቤት ይሠራልኝ ማለታቸውን፣ ከዚያች ቤት ይህ ሁሉ ከተማ መውጣቱን ነገርኳቸው። ባላቸው እሺ ነገ የሚሉትን ጉዳይ እሳቸው እምቢ ብለው ይቆርጡት እንደነበር ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «እኔም ቤት እንደዚያ ነበር፤ እኔን ግን አሰሩኝ» አለች ካቦዋ።

ግብሩ ላይ ስደርስ ግን ራሴም ምራቄን እውጣለሁ። የእቴጌይቱን ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤቱን፣ የመጋረጃውን ሥርዓት አንድም ሳላስቀር አወራለሁ። ጠጁ ከመቅረቡ በፊት አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ወጡም ሳይቀመስ አይቀርብም፤ መርዝ ይኖርበት እንደሆነ አስቀድሞ የሚሞተው ቀማሹ ነው። ይህን የምናገረው እንደ ትልቅ ክብር ነበር። ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ እንደዚያው አስተምር ነበር።

በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ጾምኩ። አንድ ቀን ጠዋት ለቆጠራ ቆመን ሳለ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሸሸና ወደቅሁ። የክሊኒኩ ነርስ የዐይኔን ቆብ ገልባ አየችና «አንቺ ደም የለሽም። ጉበት ብዪ፣ እንቁላል ብዪ። ጾሙ ይቅርብሽ፤ እንደዚህ ከቀጠልሽ አትነሺም» አለችኝ። እህቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ይህን ሰማች። ከእሷ እናቴ ሰማች።

እናቴን ማወቅ ያስፈልጋል። አቃቂ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ተወልዳ ያደገች፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ የማትቀምስ፣ እኛን ስትወልድ እንኳ ጾም ፍቺ ሲሏት ከአዋላጆቹ ጋር የተጣላች ሴት ናት። ሰው ሲቀልድባት «እኔ ሌላ ሀብት የለኝም» ትላለች።

እናቴ በሰማች ማግስት፣ ከሰዓት፣ ጠያቂ መጥቶልሻል ተብዬ ወጣሁ። እስረኛና ጠያቂ በሁለት አጥር ይለያያል፤ ስንቅ የሚፈተሸው በአጥሮቹ መሀል በተቀመጠ ጠረጴዛ ላይ ነው። ያመጣ ሰው ካመጣው መቅመስ አለበት። እስከዚያ ቀን የሚመጣልኝ ሽሮና ምስር ስለነበር እናቴም ቀመስ አድርጋ ታልፍ ነበር፤ ልብ ብዬው አላውቅም።

ፈታሿ ማተብ ያሰረች ወጣት ፖሊስ ናት። እናቴ ያመጣችውን ምሳ ዕቃ ስትከፍተው የጉበቱና የቅቤው ሽታ እኔ እስከቆምኩበት ደረሰ። ተራ የያዙት ሰዎች ዞር ዞር አሉ።

«እማማ፣ ይቅመሱልኝ።»

«ልጄ፣ ጉበት እኮ ነው። ለበሽተኛ ነው የሠራሁት። ሁዳዴ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ እማማ። ግን ደንብ ነው። ካልቀመሱ አላስገባም፤ ይመልሱት።»

«እማዬ መልሽው! አልበላም!» ብዬ ጮኽኩ። ከሰው ሁሉ ፊት መጮኼ ነገሩን አባሰው፤ አሁን ሁሉም እናቴን ያያታል።

እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር። ፊቴን፣ አንገቴን፣ አጥሩን የያዙትን ጣቶቼን አየች። አማተበች። ከእንጀራው ቆርሳ፣ ጉበቱን ጠቅለል አድርጋ፣ ጎረሰች። አልተጣደፈችም፤ አላምጣ ዋጠች። ከዚያ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ለፖሊሷ «ጨው በዝቶበት እንደሁ እንጂ ሌላ የለበትም» አለቻት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ያስገደድኳት እኔ አይደለሁም፤ ግን በእኔ ሆድ ምክንያት ያላትን አንድ ሀብት ሰው ተሰልፎ እያየ አስረከበች። በአርባ ዓመቴ እናቴን ለዚህ ያበቃሁ ሰው ነኝ አልኩ። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«ቅቤው ሳይረጋ ብዪው» አለችኝ።

«ጾምሽስ?»

«ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ብቻ ብዪ።»

ክፍል ገብቼ ምሳ ዕቃውን አቅፌ ተቀመጥኩ። የሆነውን በግድ ነገርኳቸው። ካቦዋ ክዳኑን ራሷ ከፈተችው። «እናትሽ ጾሟን የፈታችበትን ልትደፊው ነው? ብዪ!» አለችኝ። በላሁ። እውነትም ጨው በዝቶበታል።

ስጨርስ «በይ ታሪኩንም ጨርሺልን» አለች። መጨረሻውን ሆን ብዬ ሳዘገየው ነበር፤ ለእስረኛ የሚወራ አልመሰለኝም። ያን ቀን ነገርኳቸው። ንጉሡ ሲታመሙ እቴጌይቱ እንዴት ይሾሙና ይሽሩ እንደነበር፣ መኳንንቱ መክረው ባልዎን ከማስታመም በቀር ሥራ የለዎትም እንዳሏቸው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እንጦጦ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ እየተጠበቁ መኖራቸውን፣ ወደ ተወለዱበት አገር ልሂድ ቢሉ መከልከላቸውን፣ እዚያው ማረፋቸውን። ከተማው ከሥራቸው እየሰፋ ይታያቸው ነበር።

ካቦዋ ባዶውን ምሳ ዕቃ ከደነችው። ከዚያ «እዚያ ላይ እየተጠበቁ ሳሉ፣ ለእቴጌይቱ ማን ቀመሰላቸው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

እውነት አላውቅም። ግብር አዳራሹ ውስጥ ሳሉስ ማን ይቀምስላቸው እንደነበር፣ ያ ሰው ሲጎርስ ምን ይሰማው እንደነበር መቼ ጠየቅሁ? ስንት ዓመት በኩራት ያስተማርኩት ነገር ነበር። እንደገና አፈርኩ።

በሚቀጥለው ጊዜ እናቴ ጉበት ካመጣች ይዛ እንድትመለስ ልለምናት ቆርጬ ነበር። ጊዜ አልሰጠችኝም። ተራዋ ሲደርስ ፖሊሷ አፏን ሳትከፍት እናቴ ምሳ ዕቃውን ከፈተች፣ ቆረሰች፣ ቀጥ ብላ ቆማ ጎረሰች።

«ዛሬ ሳታዢኝ ልቅመስ ብዬ ነው» አለቻት።

ወጣቷ ከወንበሯ ተነሳች። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ክዳኑንም ራሷ ገጠመችው። ከዚያ ቀን እስከ ፋሲካ ለእናቴ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም።

ከተፈታሁ ቆየሁ። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፤ እናቴም ከእኔ ጋር ናት። አሁንም አስተምራለሁ። ግብሩ ላይ ስደርስ ቀማሹ ጋ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ይሉኛል። እፍረቱ ግን አለ። ጉበት የሚጠበስበት ቤት ስገባ ዛሬም ዐይኔ መሬት መሬት ያያል።

ዘንድሮ እናቴ ታመመች፤ ሐኪሙ ወተት አዘዘላት። ጊዜው ሁዳዴ ነው። «ከእንግዲህ ለስንት ቀን ብዬ!» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህቴ ለመነቻት፤ የንስሐ አባቷ በስልክ ፈቀዱላት፤ ወይ ፍንክች! እኔ ያን ዓመት የተውኩትን ጾም ከተፈታሁ ወዲህ አንድም ቀን አላጎደልኩም፤ ይህንን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። ወተቱን አሙቄ፣ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ፣ እያየችኝ ተጎነጨሁላት።

«ስኳር አንሶት እንደሁ እንጂ ሌላ የለበትም» አልኳት።

 ቀና ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።