ተገፋሁ ነው ያሉት

የያዙኝ እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ መሀል ከተማ፣ ሰልፉ ሊበተን ሲል ነው። ጎንደር ስለቀሩት ዘመዶቻችን ለመጮህ ወጥተን ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት እዚያ ካምፕ ውስጥ ወደዚህ የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ግፊያ ተነሳ፤ አንድ ፖሊስ ወደቀ፤ ከዚያ የሚሮጠውንም የቆመውንም መልቀም ጀመሩ። እኔ ቆሜ ነበር። አንዱ ከኋላዬ ቦርሳዬን ጨምድዶ ይዞ "አንተም ና" አለኝ።

ጣቢያ ስንደርስ ቦርሳዬን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። የርቀት መነጽር ወጣ። በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ የተደረገበት የአፉላ ዙሪያ ሸለቆ ካርታ ወጣ። ከዚያ በትንንሽ ፌስታል የታሰሩ፣ ጸጉርና የአይጥ አጥንት የተጠቀለለባቸው ግራጫ ድቡልቡሎች ወጡ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ፖሊሱ።

"ጉጉት የተፋችው ነው።"

ጓደኛውን አየው። ጓደኛው አንዱን ፌስታል ፈትቶ አሸተተና መልሶ አሰረው።

እውነቴን ነበር። ጉጉት አይጧን እንዳለች ትውጥና ሆዷ ያልፈጨውን ትተፋዋለች። የተፋችውን የፈታታ ሰው ምን ስትበላ እንደከረመች ያውቃል። እኔም የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ አንድ የዩኒቨርሲቲ የሥነ ምህዳር ላቦራቶሪ ልገባ ነበር። ላቦራቶሪውን የምትመራው ፕሮፌሰር፣ ጉጉቶች እየኖሩ አይጥ እንዲያድኑ በአፉላ ዙሪያ እርሻዎች ላይ ከተሰቀሉት ሳጥኖች እየዞርኩ የተፉትን እንድለቅም አዝዛኝ ነበር። ቀይ ነጥቦቹ ሳጥኖቹ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ይዤ መቅረብ ነበረብኝ፤ የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ከእኔ በፊት የለም። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ማንም አልጻፈውም።

ያስገቡኝ ክፍል ክሎሪንና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ፍራሹ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የሸሚዛቸው እጅጌ ተቀዷል፤ የቀኝ መዳፋቸው አብጧል።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

ሌላ ቦታ ቢሆን ሰላምታ ነው። እዚያ ግን ምርመራ መሰለኝ። እስረኛ መስሎ ወሬ የሚያወጣ ሰው እንደሚያስገቡ ሰምቼ ነበር። የአባቴን ስም ሳልናገር "እዚሁ ከተማ ነው ያደግሁት" አልኳቸው።

"ከማን ጋር መጣህ? ያን ድምፅ ማጉያ ያመጣው ማነው?"

"አላውቅም፣ አባባ።"

ያበጠ መዳፋቸውን እያሻሹ "ሥራህስ?" አሉ።

"ጉጉት አጠናለሁ።"

"ጉጉት? ያችን የሟርት ወፍ?" ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ለመንግሥት ነው?"

"ለዩኒቨርሲቲ።"

"ያው ነው" አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ያኔ ገባኝ። እኔ እሳቸውን እንደፈራሁ እሳቸውም እኔን ፈርተውኛል። መነጽርና ካርታ ይዞ የሚዞር፣ ከፖሊስ ጋር ዕብራይስጥ አቀላጥፎ የሚያወራ ልጅ ምን ሊሆን ይችላል? ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ሲመጣልን፣ የተጨመረበት ነገር እንዳለ ሊያዩ እኔ ቀድሜ እስክጎርስ ጠበቁ። እኔም አስተውዬ፣ የእኔን ሳሕን በእሳቸው ልለውጥ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ጀርባ ለጀርባ ሆነን በላን።

ጠዋት ሁለታችንንም አንድ ቢሮ አስገቡን። መርማሪው ወጣት ነው፤ ተላጭቶ ሽቶ ተቀብቷል። አማርኛ የሚያስተረጉመው ሰው አልመጣም።

"አንተ ታስተረጉማለህ፤ ከዚያ ወደ ቤትህ" አለኝ። ቀጥሎ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ "ፕሮፌሰርህ ጋር ደውለን ነበር። 'ገና የእኛ ሰው አይደለም' አለች" አለ።

ውሸት ይሁን እውነት ከፊቱ ላነብ ሞከርኩ። አልቻልኩም። በአገጩ ወደ ሽማግሌው ጠቆመ።

"ፖሊሱን ለምን እንደገፋ ጠይቀው።"

"አባባ፣ ፖሊሱን ለምን ገፉት ይላል።"

ከእኔ ዞረው መርማሪውን አዩት። "እንዲህ በለው" አሉ። "ሕዝቡ ከኋላዬ መጣ። ተገፋሁ። ተገፍቼ እላዩ ላይ ወደቅሁ። እኔ ሰው አልገፋሁም። ልጄ ጎንደር ናት፤ ስሜ እዚህ ከተበላሸ ማን ያመጣታል?"

ቃል በቃል ለመርማሪው ተረጎምኩለት። እሱ የጻፈውን ግን ከጎኑ ሆኜ አየሁት። "ገፋሁ" ይላል። በዕብራይስጡም እንደ አማርኛው ልዩነቱ ከፊት ያለችው አንዲት ፊደል ናት።

"አይደለም። ተገፋሁ ነው ያሉት።"

"ምን ለውጥ አለው? ፖሊሱ ወድቋል።"

"ተገፋሁ ነው ያሉት።"

ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። "ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስድህ አውቶቡስ ቀርቧል አይደል? ላቦራቶሪ ትገባለህ፣ ሰው ትሆናለህ። ወይም ዛሬ ቲክ ይከፈትብሃል። ቲክ ያለበትን ማንም አያስገባም።"

ቲክ የወንጀል መዝገብ ነው። እናቴ ስትጠራው ድምፅዋን የምትቀንስበት ቃል ነው። ትናንት በዳቦ እንኳ ያላመንኳቸውን ሽማግሌ አየሁ፤ ያበጠ መዳፋቸውን በሌላው ደግፈው አንዴ እኔን አንዴ መርማሪውን ያያሉ። አንድም ቃል አልገባቸውም።

"ሌላ አስተርጓሚ ማምጣት ትችላለህ" አልኩት። "እኔ ግን ሌላ ቃል አልሰማሁም።"

ወደ ክፍላችን መለሱን። በሩ እንደተዘጋ ሽማግሌው "ምን ተባባላችሁ?" አሉኝ።

"ያሉትን ነገርኩት፣ አባባ።"

"ያን ያህል ረጅም ነበር እንዴ ያልኩት?"

ላስረዳ አፌን ስከፍት ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ኦፊሴላዊው አስተርጓሚ መጣ። እኔን ወደ ማታ ለቀቁኝ፤ እሳቸውንም ሳይከሷቸው እንደለቀቋቸው ቆይቼ ሰማሁ። ልጃቸውም ዘግይታም ቢሆን መጥታለች። የተባለው ቲክ አልተከፈተም።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ ሄድኩ። "ትናንት ጠብቄህ ነበር" አለች ፕሮፌሰሯ። ታስሬ እንደነበር ነገርኳት፤ መርማሪው ስለ ስልኩ ያለውን ግን አላነሳሁም። "ማንም አልደወለልኝም" አለች፤ ሳልጠይቃት። ከዚያ የት እንደምቀመጥ አሳየችኝ። ለብዙ ዓመታት አብሬያት ሠራሁ፤ ደግ ሰው ናት። ያን ሳልጠይቃት የተናገረችውን ነገር ግን ዛሬም ሳላስበው አገላብጠዋለሁ።

ወላጆቼን ልጠይቅ አፉላ ስሄድ ሽማግሌውን አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ። በጣም አርጅተዋል። ሰላም ይሉኛል፤ እጃቸውን ግን አይዘረጉልኝም። አብሯቸው ሰው ካለ ወሬያቸውን እስካልፍ ያቆማሉ። አንድ ቀን አስቁሜ ቃላቸውን እንዳልቀየርኩ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን መርማሪው ፊት በዕብራይስጥ ምን እንዳልኩ ምስክሬ እኔው ብቻ ነኝ፤ ሊያምኑኝ የሚችሉት መጀመሪያ ካመኑኝ ነው። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳቸውና አልፋለሁ።