የአርባኛው ቀን በረዶ

ትናንት የልጄ የሱፍ ጓንቶች ማሞቂያው ላይ ተሰጥተው ሲደርቁ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ቤቱን ሞላው። አሁን የምንኖርበት ደንዉዲ ላይ የጣት ውፍረት የማያክል በረዶ ስለጣለ ትምህርት ካንስል ተደርጎ፣ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ ዳቦና ወተት ተጠራርጎ አልቆ፣ ባለቤቴም «ዛሬ ማንም ሰው ከቤት ንቅንቅ አይልም!» ብሎ እንደ ጦር አዛዥ ካወጀ በኋላ ነው። በረዶ ይሉታል ይህንን! እኔ ግን ያ ሽታ ካፍንጫዬ ሲገባ ልቤ ጭልጥ ብሎ ሄደ፤ ስቶን ማውንቴን ከሚባለው የድንጋይ ተራራ ሥር ወደነበረችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማችን፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ አሥር ዓመቴ ወደነበረበት የጥር ብርድ።

ከሱዳን ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። አባቴ ነዳጅ ማደያ ይሠራል፣ እናቴ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስለምበልጣቸው የቤቱ ሚኒስትር ነበርኩ፤ ከአፓርታማው ማናጀር ጋር የምከራከረው እኔ፣ ደብዳቤ የማነበው እኔ፣ ለአባቴ የቴሌቪዥኑን የአየር ሁኔታ እንደመሰለኝ የምተረጉመው እኔ። በዚያ ላይ አዲስ ሕፃን ወንድም ነበረኝ፤ ስም የለውም። እናቴ «እንግዳው» ትለዋለች። ሆስፒታል ስሙን ሲጠይቋት አፏን ዘግታ ዝም ስላለች የእጁ አምባር ላይ «ቤቢ ቦይ» ብለው ሰደዱን።

ምክንያት ነበራት። ከእኔ በኋላ የተወለደው ልጅ ሱዳን መጠለያው ውስጥ በሠላሳ ሁለት ቀኑ ሞቶባታል፤ ክርስትና ሳይነሳ። እናቴ ያ ልጅ የት እንደሄደ አታውቅም ነበር፤ እያለቀሰች የምትናገረውም ይህንኑ ነው፣ «የት ብዬ ልፈልገው?» እያለች። ስለዚህ ይህኛው በአርባ ቀኑ፣ ወንድ ልጅ በሚጠመቅበት ቀን ሳይዛነፍ፣ ተጠምቆ ስሙ ይወጣለታል ብላ ቆርጣ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በስም ጠርታ ልቧን ልትሰጠው አልደፈረችም። ያኔ በቅርብ የምንሳለመው የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን፣ አባ ገብረ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ከሌላ ስቴት በአውቶቡስ እየመጡ ከተራራው ማዶ ጋሽ ተድላ ቤት ያርፋሉ። ጋሽ ተድላ የክርስትና አባት ሊሆን፣ ጥምቀቱም እሱ ቤት ሊደረግ ተቀጠረ፤ አባ በማግስቱ ተሳፋሪ ናቸው።

ታዲያ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን በረዶው ጀመረ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጣለ፣ ጣለ፣ ጣለ። የእኔን ጉልበት አልፎ ሄደ። ስልኩ ሞተ፣ የውሃ ቧንቧው ደረቀ፣ የአባቴ አሮጌ መኪና ፓርኪንጉ ውስጥ ነጭ ጉብታ ሆነች። በአርባኛው ቀን ጠዋት እናቴ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ አዝላ፣ የአባቴን ጃኬት ከላይ ደርባ በሩ ጋ ቆመች።

«አንቺ ሴት፣ እግዜር እኮ በረዶውን ያያል» አላት አባቴ።

«ሱዳንም ሙቀቱን አይቷል» አለችው።

 አባቴ ኩሽና ገባና ከስቶቩ ሆድ ውስጥ የሽቦ መደርደሪያዎቹን መዞ አወጣ። ቴሌቪዥን ላይ ፈረንጆች ሰፌድ የሚያክል ነገር እግራቸው ላይ አስረው በበረዶ ላይ ሲሄዱ አይቷል፤ ያሳየሁት እኔ ስለነበርኩ ኮራሁ። መደርደሪያዎቹን ከጫማው ሥር በገመድ ጠፍንጎ አሰራቸው። ለእኔና ለእናቴ ዳቦ የመጣበትን ፌስታል እግራችን ላይ፣ ካልሲ ደግሞ እንዳያንሸራትተን ከጫማችን ላይ አጠለቀልን። ጎረቤቶቻችን በመስኮት ሲያዩን ምን እንዳሉ እግዜር ይወቅ።

በመኪና መንገድ ቁልቁለቱ ሁሉ መስታወት ስለሆነ፣ ተራራውን ከሥሩ በሚዞረው የጫካ መንገድ፣ በሰሜን በኩል ተነሳን። ጥዶቹ በረዶ ተሸክመው ጎብጠዋል፤ አልፎ አልፎ ቅርንጫፍ ጧ! ብሎ ሲሰበር እኔ እጮሃለሁ፣ አባቴ ደግሞ ይወድቃል። ሽቦው በረዶውን ከመርገጥ ይልቅ ቁጥቋጦ ማጥመድ ይወድ ነበር። አምስት ጊዜ በአፍጢሙ ከተደፋ በኋላ ፈትቶ ጥድ ላይ ሰቀላቸውና «ፈረንጅ ውሸታም ነው» ብሎ ገላገለን። እናቴ ግን ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ከፍ ያለውን በረዶ በጉልበቷ እየገፋች፣ በየመቶ እርምጃው እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሕፃኑን ትንፋሽ እየዳሰሰች።

ድንጋዩ ላይ ሦስት ፈረሰኞች የተቀረጹበት ጋ ስንደርስ ቀና አለች። ያገሬ ልጆች ሁሉ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ እናቴ እዚህ አገር እንደገባች ሰሞን ፈረሰኞቹን ቅዱስ ጊዮርጊስና ባልደረቦቹ መስለዋት ለስድስት ወር ያህል ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትሳለማቸው ነበር፤ በዚህ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት እንዳይቀር የተዋጉ የደቡብ ጦር አለቆች መሆናቸውን ትምህርት ቤት ተምሬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ተቆጥታ አንድ ሳምንት ኩርፊያ ላይ ነበረች፤ በእነሱ ይሁን በእኔ እንጃ። ያን ቀን በረዶ ፊታቸውን ሸፍኗቸዋል። «እናንተን አላልኩም!» አለችና አማትባ አለፈች።

እኔ እግሬ ደንዝዞ፣ ንፍጤ ከንፈሬ ላይ ደርቆ፣ «ደከመኝ» ብዬ ቁጭ አልኩ። እናቴ ተመልሳ መጥታ አልተቆጣችኝም። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ አሁን አንቺ ካልተነሳሽ እኔም አልነሳም» አለችኝ። ተነሳሁ። እንዴት አልነሳ!

እኩለ ቀን ላይ የጋሽ ተድላን በር አንኳኳን። የሌሊት ፈረቃ አድሮ በእግሩ መጥቶ የተኛው ጋሽ ተድላ በፒጃማ ከፈተ፤ አየንና ጭንቅላቱን ያዘ። አባ ክፍላቸው ውስጥ እየጸለዩ ነው ብሎ በሩን ቢከፍት፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ትራሱ ላይ ብጣሽ ወረቀት አለ። «አራስ በዚህ ብርድ አትወጣም። እኔ እሄዳለሁ።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኛ በሰሜን ስንመጣ እሳቸው በደቡብ ሄደዋል። ጋሽ ተድላ ሻይ እስኪያፈላ እንኳ አልጠበቀችም፤ ሕፃኑን አጥብታ እንደገና አዘለችው። አሁን ከጋሽ ተድላ ጋር አራት ሆነን የሽማግሌውን ዱካ ተከትለን በደቡብ በኩል ተመለስን፤ ትንሽ ጠባብ ዱካ፣ ከጎኑ የመቋሚያ ቀዳዳ፣ ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ እናቴ «ወይኔ አባቴ!» ትላለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤታችን ደረስን። አባ የተቆለፈው በራችን ፊት ደረጃው ላይ፣ መጽሐፋቸውን ታቅፈው፣ በቀጭን ጥቁር ጫማ ተቀምጠዋል። የማያውቁትን ጎረቤት በር ማንኳኳት ነውር መስሏቸው ነው። እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አሁን ነው የደረስኩት፤ ገና አሁን» አሉ። እኔ ግን ወደ ደረጃው የሚወስደውን ዱካቸውን አየሁ፤ በስብርባሪ መስታወት የተሞላ ይመስል ጠንክሮ በርዷል። ልጅ ብሆንም፣ እዚያ ከተቀመጡ ሰዓታት እንዳለፉ ገባኝ።

ቧንቧው ስለደረቀ አባቴ ከደጅ በረዶ እየዛቀ በትልቁ ድስት አቀለጠ፤ አባም ባረኩት። ጋሽ ተድላ ታቅፎት፣ ወንድሜ ለብ ባለው በረዶ ተጠምቆ ቤቱን በጩኸት አናጋው። ማተቡ አንገቱ ላይ ሲታሰር ኃይለ ሚካኤል ተባለ። እናቴ ስሙን አንድ ጊዜ በሹክሹክታ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የጠፋት ይመስል ደጋግማ ደጋግማ ጠራችው። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ዛሬ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለን፤ ፓርኪንግ የሚያስተናብር ሰው ሳይቀር አለን። ዝናብ ካንጠባጠበ ግን «መንገዱ አይመችም» ብለን ቴክስት እንላላካለን። እኔም ራሴ እልካለሁ፤ ልዋሽ አልችልም።

ነርስ ሆኜ ዲኬተር ከተማ ውስጥ ስሠራ፣ አርጅተው እዚሁ የቀሩትን አባን ለማከም ካልሲያቸውን አወለቅኩ። ከግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች የሉም። ምን ነካዎት ብላቸው፣ «የዱሮ ነው ልጄ፣ በረዶ ነው» አሉኝ። የትኛው በረዶ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እግራቸውን ግን በሁለት እጄ ጨብጬ አልለቅ አልኩ። ያንን አይተው፣ «እናትሽ እንዳትሰማ። ደስታዋን እንዳታበላሺባት» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

አልሰማችም፤ ደስታዋን እንደያዘች አረፈች። አባም ከእሷ በፊት አርፈዋል። ወንድሜ ዘንድሮ ልጁን ክርስትና ሊያስነሳ ሲል፣ «ቀኑን ብናዛውረው ምን ችግር አለው?» አለኝ በስልክ።  «ኃይለ ሚካኤል፣ ቁጭ በል፤ ስለ ሁለት ጣት የምነግርህ አለኝ» አልኩት።