የእናቴ ቀማሽ

በእኛ ቤት ገና የሚጀምረው እኔ ምላስ ላይ ነበር። እናቴ የነቢያትን ጾም ሳታጎድል ትጾማለች፤ የበዓሉን ምግብ የምትሠራው ደግሞ ዋዜማውን፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ቅቤ፣ እንቁላልና የዶሮ መረቅ የገባበትን ነገር እንዴት ትቅመስ? አባዬም ይጾማል። እኔ ግን የስዊድን ትምህርት ቤት ምሳ የምበላ ልጅ ነበርኩ። አባዬ "ሲያድጉ ይደርሱበታል" ብሎ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናሆምን ጾም አላስጀመረንም። ስለዚህ የቤቱ ቀማሽ እኔ ነበርኩ። በርጩማ ላይ እወጣና መዳፌን እዘረጋለሁ፤ እማ ከማንኪያው ጫፍ ጠብ ታደርግልኛለች፤ እልሳለሁ። "ምን ጎደለው?" ትለኛለች። መልሴን ግን አትጠብቅም፣ ፊቴን ነው የምታየው። አፍንጫዬን ከሸበሸብኩ ጨው በዝቷል ማለት ነው።

የምንኖረው ስቶክሆልም ዳር፣ ሪንከቢ ነበር። በበዓል ዶሮ ወጥ የሌለበት የሐበሻ ቤት አልነበረም፤ የእኛ ቤት የሚለየው በበቆሎው ዳቦ ነው። እማ ስዊድን ከመምጣቷ በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ዘንድ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። የቤቱ እመቤት በዓል ሲመጣ "ድሬሲንግ" የምትለውን ምግብ ስትሠራ እያየች ተማረች። የበቆሎ ዳቦ ይጋገርና ያድራል። ሲደርቅ በእጅ ይፈረፈራል። በቅቤ የበሰለ ሽንኩርትና ሴለሪ፣ እንቁላልና የዶሮ መረቅ ይገባበትና ተመልሶ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ከዶሮው ጎን ይቀርባል። አሜሪካዊቷ የምትጨምረውን ቅጠል እማ በበሶብላ ለወጠችው። ቅቤውንም በኮሰረት አነጠረችው። የበቆሎውን ዱቄት ከሪንከቢ አደባባይ ሱቆች አንዱ ውስጥ፣ ከቱርክ ምስርና ከሶማሌ ሩዝ መካከል ፈልገን እናመጣው ነበር። ስናወጣው እጃችን ቢጫ ይሆናል፣ ሲጋገር ቤቱ የተጠበሰ እሸት ይሸታል።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ሴቶች መጀመሪያ ይስቁባት ነበር። አንዷ ሳህኑን አይታ "ዳቦው ምን በድሎሽ ነው እንዲህ ያደቀቅሽው?" ያለቻት ትዝ ይለኛል። እማም "ቅመሺና አማልጂው" አለቻት። ሴትየዋ ቀመሰች፤ ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ፣ እማ ሞተች።

ስለ ሕመሟ አልጽፍም፤ ለእኔ ያን ያህል አልተነገረኝም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ሊፍቱ ፎቃችን ላይ በቆመ ቁጥር የአራት ዓመቱ ናሆም እየሮጠ በሩ ጋ ይሄድና ይቆማል። የሚወርደው ጎረቤት ቁልፉን አቃጭሎ በሩን ከፍቶ እስኪገባ ድረስ እዚያው ነው። አባዬ ተው አይለውም። እሱም ሳሎን ተቀምጦ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ። ምግብ የሚበላው ቆሞ ነበር፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሳህኑን አድርጎ። ጠረጴዛው ላይ ለመቀመጥ አራታችን መሆን ያለብን ይመስል ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አልተለዩንም። ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋዬ በሥርዓት ተነጥፏል፤ ትራሴ ሥር ደብቄው የነበረው የእማ ነጠላ ግን የለም። አንዷ ሴት አንሶላውን ስታነሣ አግኝታው፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ትቬትስቱጋ ወስዳ አጥባዋለች። አጥፋ፣ ተኩሳ ሰጠችኝ፤ ጉንጬንም ሳመችኝ። ነጠላውን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁት። የስዊድን ሳሙና ሽታ ብቻ ነበር። በዚያች ዕድሜዬ አንድ ነገር ገባኝ፦ የሄደ ሰው የሚጠፋው ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ሊረዱን ስለሚመጡ ነው። ከእማ ምን እንደቀረኝ ቆጠርኩ። ሽታዋ ሄዷል። ድምፅዋን በልቤ ስጠራው የቴሌቪዥን ሴት ድምፅ ይመጣብኝ ጀምሯል። የቀረኝ ምላሴ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የዋዜማው ቅምሻ። እሱን ማንም ሊያጥበው አይችልም ብዬ አሰብኩ።

የገና ዋዜማ እትዬ ስንዱ ከኖርስቦሪ መጡ። የእማ ታላቅ እህት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰው፣ ሁለት ፌስታል ተሸክመው፣ ከቀዩ የምድር ባቡር መስመር ወደ ሰማያዊው ቀይረው። ከአንዱ ፌስታል የበቆሎ ዱቄት አፍ አውጥቶ ይታያል። የራሳቸውን ዳቦ ከማታው ጋግረው በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተዋል፤ ዱቄቱ ቢጎድል ብለው ነው። አባዬ ፌስታሉን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"እትዬ፣ በሐዘን ቤት በዓል ይሠራል? ሰውስ ምን ይለናል?"

"ሰው የሚለው አጥቶ አያውቅም" አሉ ጫማቸውን እያወለቁ። "ጥቁሬን አላወለቅሁም፣ ቤትህንም አላዘፍንም። እህቴ ለልጆቿ የምትሠራውን ነው የምሠራው። ሕፃን ልጅ ሐዘን ይጾማል እንዴ?"

አባዬ ፊቱን አዞረና ወደ ሳሎን ተመለሰ።

እትዬ ስንዱ የእማን ሽርጥ ከመስቀያው አውርደው ታጠቁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር፤ ውጭው ጨልሟል። በማዶው ሕንጻ ጥቂት መስኮቶች ላይ ስዊድኖቹ ለገናቸው የሰቀሉትን የወረቀት ኮከብ እስካሁን አላወረዱም። የእኛ የወጥ ቤት መስኮት ከጨለማው የተነሣ መስታወት ሆኖ ነበርና፣ እኔ ከተቀመጥኩበት ሁለት እትዬ ስንዱ ይታዩኛል። አንዷ ምድጃው ፊት ያሉት፣ ጀርባቸው ሰፊ፣ አንገታቸው አጭር። ሌላዋ መስታወቱ ውስጥ ናት፤ ደብዛዛ፣ ፊቷ የማይለይ፣ የእማን ሽርጥ የታጠቀች። ሽንኩርቱ ቅቤ ውስጥ መንጫጫት ሲጀምር ዓይኔን ከመስታወቱ ላይ መንቀል አቃተኝ። ፊቷን እንድታዞር ፈለግሁ፤ እንዳታዞርም ፈለግሁ። ናሆም ከጠረጴዛው ሥር በመኪናው ይጫወት ነበር። እሱም አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ መስኮቱን አየና ወደ መኪናው ተመለሰ።

እትዬ ስንዱ ይህን ምግብ በየዓመቱ እኛ ቤት በልተውታል፤ ሠርተውት ግን አያውቁም። በዱቄቱ እዚያው የጋገሩትን ዳቦ ፈረፈሩ፤ ቅቤውን፣ በሶብላውን፣ መረቁን ጨመሩ፣ በረጅሙ አማሰሉ። እንፋሎቱን ወደ አፍንጫቸው በእጃቸው እየሳቡ አሸተቱ። ከዚያ ማንኪያውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"ነይ ማሂዬ፣ እጅሽን አምጪ። ምን ጎደለው?"

ካሉት በኋላ ራሳቸው ደነገጡ። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። ያችን ጥያቄ እንዴት እንደምትጠየቅ ከእማ ሰምተው ይሆናል፤ ወይም ሁለቱም ከእናታቸው ሰምተዋት ይሆናል፤ አላውቅም። እኔ እጆቼን ከኋላዬ ደበቅሁ።

"ምነው?"

"አልቀምስም።"

"ታመምሽ?"

"አልታመምኩም።"

"እና አፍሽን እንደ ሙዳየ ምጽዋት የቆለፍሽው ለምንድን ነው? እኔ እንደሆንሁ ጾሜን አልገድፍ፣ አባትሽም አይገድፍ። በጭፍን ሠርቼ ነገ የእህቴን ምግብ ላዋርድ?"

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ምላሴ ላይ ያለውን ነጠላ ሊያጥቡብኝ እንደመጡ፣ እንደዚያች ሴት ደግ ሆነው፣ እየሳሙኝ? እሳቸው የሠሩት አፌ ውስጥ ከገባ የእማ ይወጣል፤ ለሁለት ቦታ የለም። ይህን በአማርኛም በስዊድንኛም ማለት አልቻልኩም። ቆሜ መሬት መሬቱን አየሁ።

ይኼኔ ናሆም ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። እኔ ስቀምስ ሁልጊዜ ይቀናብኝ ነበር። ተንጠራርቶ ትንሿን መዳፉን ዘረጋ። እትዬ ስንዱ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ጠብ አደረጉለት። መዳፉን ጠርጎ ላሰው።

"ጎት" አለ በስዊድንኛ፣ ጣፈጠኝ ማለቱ ነው። ጣቶቹንም ላሰ። ከዚያ በጣም ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው፣ "የእማ ነው" አለ።

ሳሎን ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አባዬ ሰምቷል። በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፣ አልገባም። እትዬ ስንዱ ናሆምን አልጠየቁትም፤ ወደ እኔ ነው የዞሩት፤ አባዬም ወደ እኔ ነው የሚያየው። የአራት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል? ከእሷ ጋር በርጩማው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማወቅ ደግሞ መቅመስ አለብኝ። ናሆም እውነቱን ከሆነ እማ እዚያ ድስት ውስጥ ናት፣ እኔ ደግሞ አልቀምስም ብዬ ቆሜያለሁ።

እጄን ዘረጋሁ። ትኩስ ነበር። ላስኩት።

አልነበረም። ቅርብ ነበር፤ የእሷ ግን አልነበረም። ልክ እንዳልሆነ ባወቅሁበት ቅጽበት ልክ የሆነው ምን እንደነበር ከዚያ በፊት ባልነበረ ጥራት መጣልኝ። አፌ ውስጥ ሁለት ምግብ ነበር፤ ከላይ የእትዬ ስንዱ፣ ከሥሩ የእማ። ጠርዙ የሚንኮሻኮሽ፣ መሀሉ የማይጣበቅ፣ በሶብላው ቀድሞ የማይናገር፣ ካለቀ በኋላ ከጉሮሮ የሚመለስ። ትንፋሽዋ ግንባሬ ላይ የሚያርፍ መሰለኝ። መስታወቱን አላየሁም፤ ማየት አያስፈልገኝም ነበር።

ከዚያ ዋጥሁት። ሁለቱም አብረው ወረዱ።

"መረቁ በዝቷል" አልኩ። "እማ የተፈረፈረውን ምድጃ ውስጥ መልሳ ታደርቀዋለች። በሶብላውንም ሲወጣ ነው ከላይ የምታደርገው፣ ከውስጥ አይደለም።"

"ይህን ሁሉ እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?"

"አሁን ቀምሼ ነው ያወቅሁት።"

እትዬ ስንዱ ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነኩት፣ ትኩሳት እንዳለው ልጅ። ከዚያ ከማታው ጋግረው ይዘውት የመጡትን ዳቦ ፈቱ፣ ፈረፈሩ፣ አደረቁ፣ ከረጠበው ጋር ደባልቀው ምድጃ ውስጥ ከተቱት፤ ሲወጣ በሶብላውን ከላይ በተኑበት። "አሁንስ?" አሉኝ። ቀመስኩ። የተሻለ ነበር፣ በጣም የተሻለ። ከሥሩ ግን ምንም አልነበረም። የእትዬ ስንዱ ብቻ ነበር፤ ጥሩ ምግብ። "ደርሷል" አልኳቸው፤ ደርሶም ነበር።

በማግሥቱ አባዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ማንም አልጠራውም። ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ፣ ናሆምን ጭኑ ላይ አደረገ፣ ከበቆሎው ቆረሰ። "እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ" አለና ደግሞ ጨመረ። ከበላ በኋላ ያለ ካፖርት በረንዳው ላይ ቆሞ ቆየ። ሲገባ ግን እንደ ሌላው ቀን አልጋው ውስጥ አልገባም፤ ዕቃ አጠበ። ከዚያ ቀን በኋላ በእኛ ቤት ሰው ቆሞ አልበላም።

እኔ ያን ጣዕም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። እትዬ ስንዱ በየገናው ሠሩት፤ እጃቸው እየተካነ ሄደ። እኔም ጾም ጀምሬ ከቀማሽነት ወረድኩ። ብቻዬን መኖር ስጀምር ሞከርኩት። ያኔ አንድ ሱቅ ውስጥ ብቻ የነበረው የበቆሎ ዱቄት ዛሬ ስቶክሆልም ውስጥ የማይገኝበት መደርደሪያ የለም፤ የትኛውም አልመለሰልኝም። የቀሩኝ ቃላቱ ናቸው፦ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሀሉ አይጣበቅም፣ በሶብላው ከጉሮሮ ይመለሳል። ለሰው ልነግር እችላለሁ፤ መቅመስ ግን አልችልም። አንዳንድ ዓመት የሰማሁት ታሪክ እንጂ የበላሁት ምግብ አልመስል ይለኛል።

ናሆም ዛሬ ሌላ የስቶክሆልም ሰፈር፣ ቬሊንግቢ ይኖራል። ከእትዬ ስንዱ ሥር ቆሞ ተምሮ ምግቡን አሁን እሱ ነው የሚሠራው። የእማን ፊት ከፎቶ እንጂ አያስታውሰውም፤ ድምፅዋን ፈጽሞ። እንግዶቹ ምንድን ነው ሲሉት ግን አንድም ቀን ሳያመነታ "እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው" ይላቸዋል፣ በስዊድንኛ፣ ሳህኑን እያዞረ። "የእማ ሳይሆን የአክስታችን እጅ ነው" ልለው ቃሉ ከንፈሬ ላይ የደረሰበት አንድ የገና በዓል ነበር። ሲቆርስ አየሁት፣ ሲያላምጥ አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ቤቱ እንደገባ ሰው።

ልረዳው ብዬ የእሱንም ነጠላ ላጥብበት? ሳህኔን ገፋሁለት፤ ጨመረልኝ፤ በላሁ።