በሀልዋ ካርቶን ላይ ያለችው እህቴ

እህቴን ድሬዳዋ ውስጥ ያላያት ሰው ያለ አይመስለኝም። ስሟን የሚያውቀው ግን ቤተሰቡና ሰፈሩ ብቻ ነው። አባቴ በሚሠራው የሀልዋ ካርቶን ላይ ሰሃን ይዛ የምትስቀው ልጅ እሷ ናት።

ቤታችን ከፊት መኖሪያ፣ ከኋላ መሥሪያ ነው። ወፍራሙ ወረቀት አዲስ አበባ ታትሞ በጭነት መኪና ይመጣል። እኛ ዘንድ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ጎኑ በኮላ ይጣበቃል፤ ከዚያ ጠፍጣፋ እንደሆነ በሲባጎ ይታሰርና ለሀልዋ ነጋዴዎች ይከፋፈላል። የሚሠሩት አባቴ፣ እናቴና ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ናቸው። እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ የማግዘው ቅዳሜና እሁድ ነው።

አባቴ ሥራውን ሲጀምር ምልክት አልነበረውም። ማተሚያ ቤቱ አበባ እናድርግልህ ብሎት ነበር፤ ግን የሁሉም ሰው ካርቶን ላይ አበባ አለ። ስለዚህ የእህቴን የኢድ ፎቶ ሰጣቸው። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሀልዋ የሞላ ሰሃን በሁለት እጇ ይዛለች፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል።

«ጣፋጭ ጥርስ እንደሚጨርስ በፎቶ አስደግፈህ ልትሸጥ ነው?» ብሎ ሳቀበት የማተሚያ ቤቱ ሰው።

አባቴ ግን አልተሳሳተም። ማንበብ የሚችለውም የማይችለውም፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ «የልጅቷን ስጠኝ» እያለ መግዛት ጀመረ። ነጋዴዎቹም ልጅቷ የሌለችበት ካርቶን ቢሰጧቸው አይወስዱም ነበር። አባቴ ማስታወቂያ አስነግሮ አያውቅም፤ ማስታወቂያው እሷ ነበረች።

እህቴም ይህን ታውቅ ነበር። ካደገች በኋላም የራሷን ፊት እያጠፈች «እኔ ባልኖር ይሄ ሁሉ ሀልዋ በፌስታል ነበር የሚንጠለጠለው» ትለን ነበር። እኔ በጣም እቀናባት ነበር። አንድ ቀን «እኔንስ ምን ላይ ነው የምታትሙኝ?» ብዬ ሳለቅስ «አንቺን ክብሪት ላይ፤ ቶሎ ትለኮሻለሽ» ያለችኝ አይረሳኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና ታመመች። ሕመሙ ብዙ አላቆያትም።

በቀበርናት ሳምንት ከጅጅጋ የመጡ ዘመዶች ለቅሶ ሊደርሱ ገቡ። ባዶ እጃችንን አንገባም ብለው፣ ለቤቱ ልጆች መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ሀልዋ ገዝተው ነበር። ክፋት አልነበራቸውም፤ እህቴን ያዩዋት ሕፃን ሆና ነው። ካርቶኑን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ፊት አስቀመጡት። አክስቴ ፈጠን ብላ ገለበጠችው። በሌላኛው በኩልም እሷው ነበረች፤ ካርቶናችን በሁለቱም በኩል ይታተማል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ እሷ በሕይወት ሳለች የታዘዘው ወረቀት ደረሰ። ሹፌሩ መሞቷን ስላላወቀ ከበሩ ላይ ሆኖ «ልጅቷን አምጥቻለሁ፣ አውርዱ!» ብሎ ጮኸ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የሚለው። አውርደን እስከ ጣሪያው ደረደርናት። ረመዳን ቀርቦ ነበር፤ ነጋዴው ይጠብቃል፤ ሥራ አልቆመም። የማጠፊያው መስመር ከአገጯ ሥር ያልፋል። ሁላችንም እዚያ ቦታ ላይ ጣታችንን ቀስ እናደርግ ነበር። ይህን ማንም አላዘዘንም፤ ተነጋግረንበትም አናውቅም።

እናቴ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ፣ በረመዳን፣ ሽንኩርት ልትገዛ ቀፊራ ገበያ ሄደች። እዚያ አንዲት ፍየል ካርቶን ስትበላ አየች። የድሬ ፍየል ካርቶን እንደ ሣር ነው የምትበላው፤ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ይቺኛዋ ግን ከእህቴ ግንባር ጀምራ ዓይኗ ጋ ደርሳ ነበር። እናቴ ካርቶኑን ይዛ ከፍየሏ ጋር ተጓተተች። ሰዎች ሳቁ።

«አዴ፣ ተይላት እንጂ! እሷም ፆሟን ልትፈታ ነው!» አለ አንዱ።

ሽንኩርቱን ሳትገዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቀፊራን አልረገጠችም። ቀጥሎ ጎረቤት መሄድ ቀረ፤ ቀጥሎ ሰርግ ቀረ፤ ሰርግ ላይ ሀልዋ አይጠፋማ። በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ንፋስ ካርቶን ሲያንከባልል ከሩቅ ያየች እንደሆነ ፊቷን ታዞር ነበር። በመጨረሻ ከግቢያችን በር ውጭ የማትወጣ ሴት ሆነች። ያደገችበት ከተማ ጠቦ ጠቦ አንድ ግቢ ሆነባት። እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ይበልጥ ቀጥና፣ ይበልጥ ነጥታ ነበር የማገኛት፤ ፀሐይ እንደማይነካው ሰው።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ እናቴ አባቴን «አንሳት» አለችው።

«ማንን?»

«ታውቃለህ ማንን። ከገበያው አንሳልኝ።»

አባቴ እጁን ታጠበ። «ልጅቷ ከሌለችበት ማን ይገዛናል?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካነሳኋትስ የት ላድርጋት? እዚያ እኮ ሰው ያያታል። ቢያንስ ትታያለች» አለ።

«እኔም አያታለሁ» አለች እናቴ። «አንተ የምታይበት አጣህ፣ እኔ የማላይበት አጣሁ።»

እኔ ሁለቱንም ማስደሰት ፈለግሁ። ዩኒቨርሲቲ ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባል የሥራ ፈጠራ ትምህርት እየተማርን ነበርና፣ ምልክት ቀስ በቀስ ሊቀየር እንደሚችል መምህራችን የነገሩንን ለአባቴ አስረዳሁት። ሰሃኑ እንዳለ ይሁን፣ ከኋላው ተምር እናድርግ፣ ቀለሙ ያው ይሁን፤ ገዢው ሰሃኑንና ቀለሙን አይቶ ያውቀዋል አልኩት። በስልኬም ሥዬ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ካየው በኋላ «እሺ። እናትሽ ትውጣልኝ እንጂ» አለ።

አዲሱ እስኪታተም ግን የቀድሞው ወረቀት ገና ብዙ ነበር። አባቴ ወረቀት መጣል አይችልም፤ ከመቁረጫው ሥር የሚተርፈውን ቁራጭ እንኳን ለቀን ሠራተኛ ለማገዶ ሲሰጥ ያዝናል። ስለዚህ ከዚራ ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት አዲሱን ሥዕል በተለጣፊ ወረቀት አሳተመና በፊቷ ላይ እንድንለጥፈው ወሰነ። ሁላችንም ጥሩ ሐሳብ መሰለን።

ለመለጠፍ ስንቀመጥ እናቴ ክፍሏን ዘጋች። አባቴ ኮላ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ ኮላ ግን ነበር። ሁለቱ ሴቶችና እኔ ቀረን። እነሱ ሥራ ላይ መሳቅ የሚወዱ ናቸው፤ ባሎቻቸውን ሳያሙ አንድ ካርቶን አያጥፉም። የዚያን ቀን ግን አንዷ «ቢስሚላህ» ብላ የመጀመሪያውን ለጠፈች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ተለጣፊው ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። መጀመሪያ ግንባሯ ይሄዳል፣ ከዚያ ዓይኗ፣ ከዚያ ያ የወለቀ ጥርሷ። አየር እንዳይገባበት በመዳፍ ይዳበሳል። እኔ ጓደኞቼ በስልክ ሲደውሉ አላነሳሁም።

አባቴ የተለጠፉትን በየጊዜው እያዘጋጀ ማከፋፈል ጀመረ። ነጋዴዎቹ ጥቂት አጉረመረሙ እንጂ አልመለሱም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ስመጣ እናቴ «አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ፣ እማ።»

«አንድም የለችም?»

«አንድም።»

ቀሚሷን ቀየረች፣ ሻሿን አሰረች፣ ጫማዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ጠረገች። «ቀፊራ ውሰጂኝ» አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ክንዴን ይዛ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የሄደችበትን መንገድ እንደ እንግዳ ነበር የምታየው። ገበያው ስንደርስ ሽንኩርቱን ትታ ቀጥታ ወደ አንድ የሀልዋ ሱቅ መራችኝ። መደርደሪያው ባዶ መሆኑን፣ ማለቴ እሷ አለመኖሯን፣ በዓይኗ ማረጋገጥ ፈልጋ ይመስለኛል።

እኛ ካርቶን ባዶውን እንጂ ሞልቶ አናየውም። ስህተታችን እዚያ ላይ ነበር። ሀልዋ ዘይት አለው፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ዘይቱ ከካርቶኑ ያልፋል። ተለጣፊው ስስ ወረቀት ነበር፤ ዘይቱ ሲደርስበት ብርሃን አሳላፊ ሆነ። ተምሩና ሰሃኑ ከላይ እንዳሉ ናቸው። ከሥራቸው ግን እህቴ፣ በመስኮት መጋረጃ ጀርባ እንደቆመ ሰው፣ ረድፍ ሙሉ ሆና ታየናለች። በአንዱ ካርቶን ዓይኗ ብቻ ወጥቷል። በሌላው ሳቋ ብቻ።

የእናቴ ጣቶች ክንዴ ላይ ጠበቁ። ሱቁ ውስጥ ባለሱቋ፣ ወፈር ያለች ሴት፣ ሀልዋ እየቆረጠች ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ትጫወት ነበር። እኛን አያውቁንም።

«አቦ፣ ይቺ ልጅ ጂኒ አላት!» ይላል ሹፌሩ። «ባለፈው ተምር ነበር የገዛሁት፤ ቤት ስገባ ልጅቷ ከውስጥ ታየኛለች፤ ሚስቴ ካርቶኑን በሩ ላይ አስቀረችው!»

«ዝም በል ወሪያ! ምን ጂኒ አለ? ሸፍነዋት ነው፤ ሞቋት ወጣች።»

«ለምን ሸፈኗት?»

«አድጋለቻ! ጅቡቲ ተድራ፣ ባሏ የሚስቴን ፎቶ ከገበያ አውርዱ ብሏል አሉ።»

«ቀናተኛ ነዋ! በጥርስ የለሽ ፎቶ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ የእናቴን ክንድ ወደ ውጭ ሳብኩ። አልተንቀሳቀሰችም።

«ማን ነገረሽ?» አለቻት ባለሱቋን።

«ከተማው ነዋ፣ እህቴ። ወልዳለችም ይላሉ።»

«ስንት?»

«መንታ አሉኝ፣ ማሻአላህ።»

የእናቴን ፊት አየሁት። ለአንድ አፍታ ያመነችው መሰለኝ፤ እኔም ራሴ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀት ያለበት አንድ ቤት፣ ሁለት ሕፃናት ታዩኝ።

«አልተዳረችም» አለች በመጨረሻ። «የኔ ልጅ ናት። ሞታለች።»

ባለሱቋ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች፤ ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

እናቴ ወደ መደርደሪያው ሄዳ አንዱን ካርቶን አነሳች። የተለጣፊውን ጥግ በጥፍሯ ፈለገች። ዘይቱ ኮላውን አላልቶት ስለነበር እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሳላት። እህቴ ከሥሩ በዘይት አብርታ ወጣች።

«ለምን ሸፈናችኋት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እኮ አንሱልኝ ያልሽው፣ እማ።»

«አንሱ አልኩ እንጂ ሸፍኑ አልኩ? አንድ ጊዜ በአፈር ተሸፍናለች። ይበቃታል።»

ሁለተኛውን አነሳች። ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አጠገቧ ቆመች፤ እሷም መላጥ ጀመረች። «ልጆቼ ይሙቱ አላወቅሁም» አለቻት ሳታያት።

«ምን ታውቂያለሽ። የሚታተመው ላይ ከእንግዲህ የለችም» አለች እናቴ። «ይቺ የወጣችው ግን ፊቷን እንደያዘች ተሸጣ ትለቅ።»

የዚያን ሱቅ ጨርሰን ወደሚቀጥለው ሄድን። ከዚያም ወደሚቀጥለው። እኔ ከፊት እየገባሁ ለባለሱቆቹ ማን እንደሆንንና ምን እንደምንፈልግ በትሕትና አስረዳሁ። አንዳንዱ ግራ ገብቶት ፈቀደ፤ አንዱ «ዕቃዬን አትንኩ» ብሎ ተቆጣን፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ እስኪበርድለት ጠበቀችው። ጥፍሮቿ ሥር ቢጫ ዘይትና የወረቀት ጥራጊ ሞላ። የተላጡትን ተለጣፊዎች እኔ በፌስታል ያዝኩ። ፍየሎች ተከተሉን።

ፀሐዩ ሲበረታ ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተቀመጠች፤ ፊቷ በላብ ተነክሯል፤ ቀልቷልም። ገበያው ማዶ፣ ገና ያልደረስንባቸው ሱቆች መደርደሪያ ላይ፣ እህቴ ከተምሩ ሥር በግማሽ ወጥታ ታየናለች። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ፊቷን አላዞረችም።

«ነገ በጠዋት እንመጣለን» አለች፣ «ሳይሞቅ።»