ፈሳሽ ወይስ ጠጣር

ጋሽ መርዕድ በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ሞተር ጠጋኝ ነበሩ። ለንደን ከመጡ ወዲህ የሚፈቱት የአውቶቡስ ሞተር ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ካሌዶኒያን ሮድ ያለው ማኅበራቸው ለሁለት ተከፍሎ፣ ዓመት ሙሉ ግራና ቀኝ ለይቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሰላምታ እንኳ የለም።

አንድ ቅዳሜ የሊቀ መንበሯ የወይዘሮ አልታየሽ ልጅ እሌኒ የዩኒቨርሲቲ ሥራዋን ይዛ መጣች። ሰው ጠፈር የሚያደርስ ሮኬት መምረጥ አለባት፤ መምህሯ ደግሞ ሙያው የሌላቸውን ሰዎች ጠይቂ ብሏታል።

«ጠጣር ነዳጁ ሲምፕል ነው፤ ግን አንዴ ከተለኮሰ አይጠፋም» አለች። «ፈሳሹ ውስብስብ ነው፤ ግን ማጥፋት ይቻላል።»

ጋሽ መርዕድ ብድግ አሉ። «ሰው የሚጫንበት ነገር ማጥፊያ ይኑረው። ፈሳሽ ነው።»

ከወዲያኛው ወገን፣ ከምርጫው በፊት የልብ ወዳጃቸው የነበሩት አቶ ኪዳኔ ተነሡ። «እኛን የጨረሰን ጀምሮ ማጥፋት ነው። ጠጣር።»

ግራው በሙሉ ፈሳሽ፣ ቀኙ በሙሉ ጠጣር ሆነ። እሌኒ «ሰርቬይ እኮ ነው» ብትል የሚሰማት አጣች። ድምፅ ተሰጠ። ሠላሳ ስምንት ሰው ባለበት አርባ አንድ ወረቀት ወጣ። ታዛቢ ይምጣ ተባለና ከጎን ካለው የልብስ ንጽሕና መስጫ አንድ ቱርካዊ ተለምኖ ቆጠረ፤ እሱም አርባ አንድ አገኘ።

ወይዘሮ አልታየሽ «መሐሉ ፈሳሽ፣ ጎንና ጎኑ ጠጣር ይሁን» ብለው ገላገሉ። ደስ ያለው ሰው አልነበረም። እሌኒ ብቻ አፏን ይዛ ቀረች። «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ሮኬት እኮ አሁንም ይበራል።»

ጋሽ መርዕድ ግን ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ሥር ተንጋለው የሚያስቡት የጎኖቹን እሳት ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄደው አቶ ኪዳኔ አጠገብ ተቀመጡ።

«ኪዳኔ፣ ጎኖቹ አልጠፋም ቢሉ ሰዎቹን ምን ልታደርጋቸው ነው?»

አቶ ኪዳኔ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «ጫፉ ላይ ትንሽ ሮኬት እናድርግ። እነሱን ብቻ ነጥቆ ይውጣ።»

«እሱስ በምን ይነሣል?»

«በጠጣር ነዋ። ሊያመልጥ የተነሣ ሰው ማጥፊያ ምን ያደርግለታል?»

ጋሽ መርዕድ ለሰላምታ እጃቸውን ዘረጉ።

እሌኒ ጥሩ ማርክ አገኘች። ማኅበሩም በደንቡ ላይ «ማንኛውም አባል ማምለጫ በሌለው ሮኬት አይሳፈርም» የሚል አንቀጽ ጨመረ። ሁለቱ ሽማግሎች አሁን በስልክ የሚጨቃጨቁት ስለ ሮኬቱ መቀመጫ ነው፤ አቶ ኪዳኔን ወገባቸውን ያማቸዋል።