አንኮበር የተጫረትኩት ሜዳልያ

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ሜዳልያ የተሸለመው የዲኑ ዘመድ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ድሮ ለጎበዝ ተማሪ ይሸለሙ የነበሩ፣ ከብር የተሠሩ ሜዳልያዎችን እሰበስባለሁ።

አንኮበር ለንግሥ ሄጄ የስለት ዕቃ ሲጫረት አንዱን አየሁ፤ መስቀልና የተከፈተ መጽሐፍ ተቀርጾበታል። ዋጋ ጨምሬ ጨምሬ አሸነፍኩ። ልቀበል እጄን ስዘረጋ አጫራቹ ቄስ፣ "እዚህ እኮ ያሸነፈ መልሶ ይሰጣል፤ እንደገና ይጫረታል" አሉኝ።

"አባ፣ እኔ የምወስደው መስሎኝ ነው!"

ሕዝቡ ሳቀ። "ተዉት፣ የከተማ ሰው ነው!" አሉ አንዲት እናት።

ቄሱ ግን፣ "ይሁን ልጄ፣ ያንተ ነው" ብለው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ግቢው በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጭብጨባው ሲያበቃ ሜዳልያውን አውልቄ መለስኩላቸው።

"በሉ አባ፣ እንደገና ይጫረት።"