ሙሴ ቶዶር የቦረቦረው ዋሽንት

ባለፈው ሰንበት ሙሴ ቶዶር መሞቱን ከቴሌቪዥን ሰማሁ። አላዘንሁም። የልጅ ልጄ «ታላቅ የፊልምና የቴሌቪዥን ሙዚቃ ደራሲ ነበር ይላሉ፤ ያውቁት ነበር እንዴ አባባ?» ብትለኝ «እሱ እኔን ያውቀኝ ነበር በይ» አልኋት።

ታሪኩን በቴሌቪዥን ባጭሩ ተናገሩ። ጦርነት ከቡልጋሪያ አስወጥቶት፣ አኮርዲዮኑን በትከሻው አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ገባ፤ ለፊልምና አዲስ ለተከፈተው ቴሌቪዥን ዜማ ሠራ፤ ንጉሡ ሲወርዱ እንደገና ተሰድዶ በሰው አገር ፊልም ስሙን አስጠራ። ሁሉም እውነት ነው። የኔን ከተማ ወረታን ግን ዘለሏት። ስለዚህ እሷን እኔ እጽፋለሁ።

መጻፍንም እንደ ዋሽንቱ ማንም አላስተማረኝም። ፊደሉን ከስኳር ከረጢት፣ ዜማውን ከሠርግ ቤትና ከለቅሶ ቤት ለቅሜ ነው የተማርሁት። ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ እንደኔ የሚነፋ አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ጊዜው ጥር ነበር፣ የሠርግ ወር። ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ደርቆ፣ ጥቁሩ መሬት እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። ዛሬ ሩዝ የሸፈነው ያ ሜዳ ያን ጊዜ የሽምብራና የጓያ አገር ነበር፤ እሸቱን ነቅለን መንገድ ለመንገድ እየፈለፈልን እንበላለን። የፊልም ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው የአንዲት ሙሽራ አጀብ አነሡ። የፊልሙን ዜማ የሚሠራው ሙሴ ቶዶር «ዋሽንት የሚያውቅ አምጡልኝ» ቢል፣ ሰው ሁሉ የኔን ስም ጠራ። ሌላ ማንን ይጥራ?

ሦስት ቀን ነፋሁለት። በሦስተኛው ቀን ገበያ መኻል፣ ሽማግሌ ልልክባት ያሰብኋት ልጅና የአገሩ ጭቃ ሹም በቆሙበት፣ ዋሽንቴን ከእጄ ወሰደና ከአኮርዲዮኑ ድምፅ ጋር አስተያየው።

«ይህ ቀዳዳ ቦታው ተሳስቷል» አለ። አማርኛው የጠራ ነበር፤ እሱም ያናድደኝ ነበር።

«በጣቴ ለክቼ ነው የበሳሁት፣ ሙሴ።»

«እንግዲያው ጣትህ ተሳስቷል።»

ሰንጢውን አውጥቶ ቀዳዳውን ቦረቦረው። ሸምበቆውን ከወንዛዬ ፍል ውኃ ገደል ቆርጬ፣ ክረምቱን ሙሉ ጭስ ላይ ሰቅዬ ያደረቅሁት ነበር። ተቀብዬ ብነፋው እንደ ታመመ ጥጃ አቃሰተ። ሰዉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ «ፈረንጅ ያረመው ዋሽንት! ከእንግዲህ ሳትነፋውም ይናገር ይሆናል» አሉ። ልጅቱም ሳቀች። ኋላ ሚስቴ ሆነች፤ ያን ሳቅ ግን አርባ ዓመት አስታወስኋት። ቂም እንደ ቅቤ ነው፤ ካነጠሩት ይሰነብታል።

በማግስቱ ወንዛዬ ወረድን። ሙሴ ፍል ውኃው ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ «አዲስ አበባ ያልሰማው የሠርግ ዜማ የለህም?» አለኝ።

ሌላ ዋሽንት አወጣሁና የአባቴን ለቅሶ ነፋሁለት። አባቴን ክረምት ከብት ሲያሻግር ርብ ነው የወሰደው። ሙሾውን ያወጣችው እናቴ ነበረች፤ በአገሩ የማያውቀው አልነበረም።

«ሠርግ ከሆነ ለምን ያሳዝናል?» አለ። ጆሮ ነበረው፤ አልክድም።

«ሙሽራዪቱ ከእናቷ ስትለይ የሚባል ነው፣ ሙሴ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እኔም ከእናቴ ስለይ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮዬ ነበር» አለ።

ያን ጊዜ እውነቱን ልነግረው እችል ነበር። የተቦረቦረውን ቀዳዳ አሰብሁና ዜማውን ደገምሁለት። እሱም ገላው ሳይደርቅ ዜማውን ኖታ በሚሉት ጥቁር ነጠብጣብ ወረቀት ላይ ጻፈው።

በዓመቱ ጥቅምት ፊልሙ በመኪና መጣ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወረታ ገበያ ላይ አቡጀዲ ተሰቀለ፤ ሰው ከይፋግ ሳይቀር ጎረፈ። ሙሴ ክራባት አስሮ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆመ። ሙሽራዪቱ በበቅሎ ብቅ ስትል የአባቴ ለቅሶ በስንት ቫዮሊን ታጅቦ መጣ።

መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን ወደ አቡጀዲው አሰገገ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ደረት ይመቱ ጀመር፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አወረዱ። ሙሴ ዜማው ልባቸውን የነካው መስሎት እጅ ነሣ! የሙሽራዪቱ አባት ግን ተንደርድሮ አቡጀዲውን ቀደደው።

«ሟርተኛ! በልጄ ሠርግ ላይ ለቅሶ ታመጣለህ?»

እበት ተወረወረ፤ ክራባቱ ላይ አረፈ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል። ወደ መኪናው ሲሸሽ አየኝና ቆመ።

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው። ጆሮህ ቦታው ተሳስቷል።» «እርስዎ»ን ትቼ «አንተ» ያልሁት ያን ቀን ነው።

ደስታዬ ዞር እስክል ቆየ። «ወይኔ» ያለችው ሴት እናቴ ነበረች። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ አፈር ነክቶ አገኘኋት።

«አባትህን እኔ ቀብሬው ነበር» አለችኝ። «አንተ አውጥተህ ሙሽራ አጀብህበት።»

እስከ ፋሲካ እንጀራ አቀረበችልኝ፤ ቃል ግን አላቀረበችልኝም። ይህንንም በደል በሙሴ ላይ ጫንሁት። በማን ልጫነው?

እና ባለፈው ሰንበት፣ የሕይወት ታሪኩ ሲያልቅ፣ ፎቶግራፉን አቁመው «ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው» ብለው ያንኑ ዜማ አሰሙ። ለካ አልጣለውም። ለቅሶ መሆኑን እያወቀ አገር ላገር ይዞት ዞሯል።

የልጅ ልጄ ከስልኳ አግኝታ ደጋግማ አሰማችኝ። «አባባ፣ እርስዎም አብረው ይንፉ» አለች። ጥሩ ጥሩ ዋሽንቶቼን አነሣሁ፤ ሁሉም ከቫዮሊኑ ጋር ተጣሉ። በመጨረሻ ቂሜን እንዳልረሳ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁትን፣ ያን የተቦረቦረውን አወረድሁ።

ገጠመ። ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ድምፅ ሳይዛነፍ ገጠመ። ለካ ያን ቀን በሰንጢው ከፈረንጅ ድምፅ ጋር አስማምቶት ኖሯል።

እስኪያልቅ ነፋሁት። በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚነፋ ካለ ይምጣ። ስጨርስ ልጅቱ ዓይኗን እየጠረገች «ይቅር አሉት ማለት ነው?» አለችኝ።

«አላልሁትም» አልኋት፣ ዋሽንቱን መልሼ እየሰቀልሁ። «ቀዳዳው ግን ቦታውን አልሳተም።»